እናቴ በሰሊጥ ሰሞን ታመመች

በዚያ ዘመን «ቅድሚያ» የሚለውን ቃል ያህል የሰለቸኝ ነገር አልነበረም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ከዳሱ ፊት ይቆምና ቅድሚያ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ያስታውቀናል። ሰኔ ላይ ለመሠረተ ትምህርት ነበር። ሐምሌ ላይ ለጋራ እርሻው ሆነ። ነሐሴ ላይ ለአብዮቱ በዓል መሰናዶ ተባለና ሴቶቹ ዘፈን አጥኑ ተባልን። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለእናት ሀገር ጥሪ፣ ማለትም ለብሔራዊ ውትድርና። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት «ጓድ ሊቀመንበር፣ ኋላ የሚመጣውንም ይንገሩን እንጂ፤ ሁሉም ፊት ፊት ካለ ማን ይከተላል?» ብለው ስብሰባውን አሳቁት። እሱም ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከላይ የታዘዘውን ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ነበር። ያወረደውን የምንሸከመው ግን እኛ ነበርን።

መንደራችን ከሸሕዲ ወደ መተማ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለች ናት። የምንኖረው በሰሊጥ ነው፣ ሰሊጥ ደግሞ ስብሰባ አያውቅም። የደጋ ገበሬ ጤፉን ዛሬ ባያጭድ ነገ ያጭዳል። የሰሊጥ ቅጠል ቢጫ ሲሆንና ከግንዱ ታች ያሉት ኮሮጆዎች አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም። ማጨድ፣ ማሰር፣ ነዶውን ጫፉን ወደ ሰማይ አድርጎ አደጋግፎ ማቆም ነው። እንዲህ የቆመውን ክምር እኛ ሂላ እንለዋለን። ቀኑ ካለፈ ኮሮጆው ይከፈትና የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። መሬት የወረደ ሰሊጥ የወፍና የጉንዳን ነው።

ስለዚህ በዚያ ሰሞን ሰርግ አይደገስም። ሰው ቢሞት እንኳ ቀብሮ ወደ ማሳ መመለስ ነው፤ ለቅሶው ሂላው ከቆመ በኋላ ይደረሳል። ንዳድ የያዘው ሰው ፀሐይ ላይ ጋደም ብሎ ይንቀጠቀጥና ሲለቀው ማጭዱን ያነሣል። ንዳድ የቆላ ግብር ነው እንላለን፣ ሁሉም በየተራው ይከፍላል። ታምሜ ነው ብሎ ከማሳ የቀረ ሰው ዓመቱን ሙሉ መተረቻ ይሆናል።

እናቴ በዚህ ነገር ከሁሉ የባሰች ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ይዛ ያቆመችው እሷ ናት። ወንድሜን ያረገዘች ጊዜ ምጥ የያዛት ነዶ ስታስር ነው ይባላል፤ ያን ነዶ አስራ ሳትጨርስ ወደ ቤት አልገባችም ብለው ይጨምሩበታል፣ ይኸንን እንኳ አላምንም። «ሰው ይጠብቃል፤ ሰሊጥ አይጠብቅም» ትለን ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰሊጥ እቀና ነበር። ብታመምም ብወድቅም መስከረምና ጥቅምት ላይ እናት አልነበረችኝም፤ አጫጅ ነበረችኝ።

በዚያ ዓመት ባለቤቴ አብደራፊ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበርና እኛ ዘንድ አልነበረም። እኔ ሆዴ ገፍቶ ጎንበስ ማለት እያቃተኝ ነበር። የቀረው ወንድሜ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ በአንድ ክረምት ተመዝዞ ሱሪው ሁሉ አጥሮበታል። ሳቂታ ነበር። ማጭድ ሲስል ያዜማል፣ ሲያዜም ድምፁ አያምርም፣ ተው ስንለው ይብስበታል። ለውትድርና አፈሳ ከተጀመረ ወዲህ እናቴ ከማሳና ከቤት በቀር ሌላ ቦታ እንዳይታይ ከልክላው ነበር። የሸሕዲ መንገድ ላይ ጎረምሳ የሚያፍሱበት ኬላ ነበርና «መንገድ አትውጣ» ትለዋለች፣ ጠዋትም ማታም። ማሳ ላይ ያለን አጫጅ ግን ሂላው እስኪቆም ድረስ የሚነካው አልነበረም። ሊቀመንበሩም ምርቱ እንዲገባለት ይፈልጋልና ዓይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር።

ከወንድሜ ሌላ ከጎጃም የወረዱ ሁለት አጫጆች ነበሩን። ሰው ቀጥሮ ማሠራት በዝባዥነት ነው ተብሎ ስለተከለከለ እናቴ «የወንድሜ ልጆች ናቸው» እያለች ነበር የምታሠራቸው። ያን ጊዜ መንደሩ ሁሉ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከጎጃምና ከወሎ ዘመድ ይመጣለት ነበር፤ የእናቴን ዘመዶች ቁጥር ላየ ግማሽ ጎጃም አክስቴ የሚላት ነው የሚመስለው። ሊቀመንበሩም የራሱ «የአክስት ልጆች» ስለነበሩት ነገሩን አያነሣውም።

እናቴ የታመመችው የታችኛውን ማሳ ማጨድ በጀመርንበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ እንደ ሁላችንም አንቀጠቀጣትና ራኩባው ሥር፣ በሣር የተከደነችው የማሳ ዳስ ሥር ማለቴ ነው፣ ተጋደመች። ሲለቃት ትነሣለች ብለን ሥራችንን ቀጠልን። አልለቀቃትም። በማግስቱ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ውኃ ስሰጣት መልሳ ታስታውካለች። ከሰዓት በኋላ አባቴን በስሙ ጠርታ በሬዎቹን ፍታቸው አለችው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ በበሬ ካረስንም ቆይቷል።

አጠገቧ ተቀምጬ ግንባሯን በርጥብ ጨርቅ ስይዝ ልቧ መለስ አለላት።

«እማ፣ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ እንውሰድሽ» አልኋት።

«ከዚህ እንዳታነሡኝ። ንዳድ ነው።»

«ይኸ ንዳድ አይዶለም፤ ንዳድ እንዲህ አያደርግም።»

«ስትጨርሱ ታነሡኛላችሁ» አለች፣ እጄን ጭብጥ አድርጋ። «ሂላው ይቁም። ልጁም ከሥራው አይነቃነቅ። ኋላ ታነሡኛላችሁ።»

በሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ስለ ሰሊጥ! ይችን ሴት ሰሊጥ ይቅበራት ብዬ ከራኩባው ወጣሁ። ወጥቼም አለቀስሁ። ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ብጠራት አልመልስ አለችኝ። ዓይኗ ተከፍቷል፣ እሷ ግን የለችም።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ግልጥ አለልኝ። ዓመቱን ሙሉ ይኸ ይቅደም ያ ይቅደም ሲባል ስባዝን ከርሜ ነበር፤ ውኃ ልቀዳ ስል ስብሰባ፣ ስብሰባ ልሄድ ስል አረም፣ ላርም ስል ፊደል ቁጠሪ። የቱንም በወጉ ሳልሠራ ማታ ስተኛ የደከመኝ ሁሉ ለማን እንደሆነ አላውቀውም ነበር። አሁን የሚቀድመው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ሰሊጡ ቢረግፍ ይርገፍ፣ እናቴ አትሞትም አልሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል አእምሮዬ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

በሽተኛ ለመሸከም አራት ሰው ያስፈልጋል። ወደ ሊቀመንበሩ ሄድሁ። የጋራው እርሻ ዳር ቆሞ ያሳጭዳል፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ እዚያ ነው።

«እኅቴ፣ አዝናለሁ» አለኝ። «ግን አሁን ቅድሚያ የምንሰጠው ለጋራው ምርት ነው፤ አውራጃው እየጠየቀ ነው። እስከ ነገ ማታ ብትታገሺኝ ሰው እሰጥሻለሁ።»

«እንግዲያስ ሞትንም እስከ ነገ ማታ ታገሥ ይበሉልኝ» አልሁት።

አንገቱን ደፋ። ሰው ግን አልሰጠኝም።

ስመለስ ሐጂ ራኩባው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ሐጂ ከመንደሩ ጫፍ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ስኳርና ሳሙና ከዚህ፣ ጨርቅና ሽቶ ከወሰን ማዶ ከገላባት ያመጣሉ። መታመሟን ሰምተው ሱቁን ዘግተው፣ የሚተኙበትን አንገረብ በአህያ አስጭነው መጥተዋል። አንገረብ በእንጨት ቋሚ ላይ በጠፍር የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው የሚተኛበትም የሚታመምበትም ወደ መቃብር የሚሄድበትም እሱ ነው።

«እርስዎ እኮ ሽማግሌ ነዎት፣ ሐጂ» አልኋቸው።

«ትከሻዬ ግን ሽማግሌ አይዶለም» አሉ። «ሁለቱ ጎጃሞች አሉ። አንድ ሰው ፈልጊ።»

አንድ ሰው ከየት ላምጣ? ይኸን ስንነጋገር ወንድሜ ማጭዱን የራኩባው ምሰሶ ላይ ሲሰካ አየሁት።

«እታለም፣ አራተኛው እኔ ነኝ።»

«መንገዱስ? ኬላውስ?»

«አንገረብ የተሸከመን ሰው ማን ይይዛል?» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

እውነቱን ነበር። በእኛ አገር በሽተኛ የተሸከመ ሰው አይጠየቅም። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ፣ ባላጋራም ቢሆን፣ ከመንገዱ ወርዶ ያሳልፋል፤ ወጉን የሚያውቅ ደግሞ ትከሻውን አስገብቶ ጥቂት ይሸከማል። ሳይሸከም ያለፈ ሰው የራሱ በሽተኛ ተሸካሚ ያጣል ይባላል። ሽፍታ እንኳ ይኸን ያከብር ነበር። ወደ ሐጂ ዞር አልሁ። መንገዱን ረጅም ጊዜ አዩና «ኢንሻ አላህ» አሉ።

አንገረቡ ላይ አስተኝተን በነጠላ አሰርናት። ስንወጣ የታችኛው ማሳ ደርቆ ነፋሱ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ሁለቱ ጎጃሞች ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ የላባቸው ፍሬ ነውና አልፈረድሁባቸውም። እኔ አላየሁትም። ሆዴን ይዤ ከኋላ ከኋላ ተከተልሁ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ገመዱ ተወጥሮ ነበር። ጠብመንጃ የያዘ አንድ ሚሊሻ ከጥላው ተነሥቶ መጣ። ሰውዬው እናቴን አየት አድርጎ ጠብመንጃውን ለጓደኛው ሰጠና ገመዱን ራሱ አወረደው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ጠጋ ብሎ «አምጣ፣ ደክሞሃል» አለና በወንድሜ ቦታ ትከሻውን አስገባ። እስከ መታጠፊያው ተሸከማት። ሲመለስ «እግዜር ይማርልህ» ብሎ የወንድሜን ጀርባ መታ መታ አደረገው። እኔም ያን ሰው መረቅሁት። ልጆችህን ይባርክልህ አልሁት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው ድሬሰር ዓይኗን ገልጦ አየና ተቆጣን። «ወባው ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል። ምን ስትጠብቁ ነበር?» አለ። ሰሊጥ ስንጠብቅ የሚል ሰው አልነበረንም። ግሉኮስ ሰቀለላት፣ መድኃኒቱን በመርፌ ሰጣት። ነገ ብታመጧት ኖሮ ለመቅበር ነበር የምትደርሱት አለኝ። ይኸን ሲል ሰሊጡ ከሐሳቤ ጨርሶ ወጣ። ዛሬም ድሬሰሩን አስታውሼ አመሰግነዋለሁ፣ ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ አንገረቡን አስነሣዋለሁ። ይኸን ማንም አያስለውጠኝም።

ከሰዓት በኋላ እጇን ስይዘው ጣቴን ጨበጥ አደረገችው። ወንድሜ አይቶ እንደ ሕፃን ሳቀ።

«በቃ፣ ተረፈች» አለ። «እኔ ልመለስ። የላይኛው ማሳ አሁንም ይደረሳል።»

ሐጂ በዚያው የሱቅ ዕቃ ሊገዙ ሸሕዲ ሊያድሩ ነበር። «ነገ በጭነት መኪና አብረን እንሄዳለን፤ እደር» አሉት።

«ሰሊጡስ፣ ሐጂ?» አላቸውና ወደ እኔ አየ።

ምን ልበለው? እናታችን ተርፋለች፤ የተረፈች እናት ደግሞ ዓመቱን መብላት አለባት። «ሂድ» አልሁት። እግሯን ስሞ ወጣ። ሁለቱ ጎጃሞችም ተከተሉት። የሐጂን አንገረብ መመለስ ስለነበረባቸው ይዘውት ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው፣ ቀሏቸው ነበር፤ አንደኛው ጎጃም ገልብጦ ራሱ ላይ አድርጎት ጥላ አበጅቶበታል፣ ወንድሜ በዚያ በማያምር ድምፁ እያዜመ ከኋላው ይሄዳል።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ልቧ ተመለሰ። ጣሪያውን አየች፣ የተሰቀለውን ጠርሙስ አየች።

«የት ነኝ?»

«ሸሕዲ፣ ጤና ጣቢያ። እግዜር ይመስገን።»

«በምን መጣሁ?»

«በሐጂ አንገረብ።»

«ማን ተሸከመኝ?»

ኩራት ኩራት እያለኝ ዘረዘርሁላት። ሐጂ ራሳቸው፣ ሁለቱ ጎጃሞች። እዚያ ላይ ቆምሁ።

«አራተኛው?»

«ወንድሜ ነዋ።»

ቀና ልትል ሞከረች። «የታለ?»

«ትናንት ተመለሰ፣ እማ። ሰሊጡን ሊያነሣ። አታስቢ፣ ኬላው ላይ ምንም አላሉትም። ሚሊሻው ራሱ ተሸክሞልናል።»

«አንገረቡስ?»

«ይዘውት ሄዱ።»

«ባዶውን?» አለች።

ይኸን ስትል ገና ነገሩ አልገባኝም ነበር። ፊቷን ሳይ ገባኝ። እጇ ላይ የተተከለውን መርፌ ነቅላ ልትነሣ ስትታገል ድሬሰሩ ሮጦ መጥቶ ከእኔ ጋር ያዛት። ደሙ በአንሶላው ላይ ፈሰሰ። እንደዚያ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ረፋድ ላይ ትልቁ ጎጃሜ በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞታል። አጠገቡ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እንዲያው ምን ብዬ ልንገራችሁ» አለ። «ልጁን የያዘው ያው ትናንት የተሸከመልን ሰውዬ ነው። እኛ የማኅበራችን የይለፍ ወረቀት አለን። እሱ ደሞ የለው። ‹ጌታዬ፣ ያችን በሽተኛ ተሸክመህልን አልነበር ወይ፣ የሷ ልጅ እኮ ነው› አልሁት። ‹አውቄዋለሁ፤ ትናንት በሽተኛ ነበር የተሸከማችሁ፣ አሁን እንጨት ነው› አለኝ።»

ሆዴን ይዤ ኬላው ድረስ ሄድሁ። የታፈሱትን የጫነው መኪና ሌሊቱን ሄዷል። ያን ሚሊሻ አገኘሁት፤ ዓይኔን ማየት ፈርቶ ገመዱን ይጎነጉናል። «ታዝዤ ነው፣ እኅቴ» አለኝ። የመረቅሁትን ምርቃት መልሼ ልወስድ አፌን ከፈትሁ፣ ልጆቹ ምን አደረጉ ብዬ ዘጋሁት። ዛሬ ዛሬ ለምን ዘጋሁት እላለሁ።

ሁለቱ ጎጃሞች ተመልሰው ያለ ማንም አዛዥ የላይኛውን ማሳ አጨዱልን፣ ሂላውን አቆሙት። የታችኛው እንዳለ ረገፈ። እናቴ ድና ቤት ስትገባ እንድትጽናና ብዬ «ግማሹ ተርፏል እኮ፣ እማ፤ የላይኛው ሂላ ቆሟል» አልኋት።

እንደማያውቀኝ ሰው አየችኝ። «እኔ መች ስለ ሰሊጥ ብዬ ተናገርሁሽ? ልጁ ከሥራው አይነቃነቅ አልሁሽ። ማሳ ውስጥ እስካለ አይነኩትም ብዬ ነው እንጂ ሰሊጥማ የት አባቱ።»

ወንድሜ ከማሠልጠኛው በሰው አፍ ሰላምታ ልኮ ነበር፤ ወደ ሰሜን ሊወስዱን ነው፣ እናቴ እንዴት ሆነች የሚል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። መንግሥቱ ሲወድቅ የተበተነው ጦር በሱዳን ዞሮ በመተማ ሲገባ እናቴ መንገድ ዳር ውኃ ይዛ ሰነበተች። ያለፈውን ወታደር ሁሉ አጠጥታ ጠየቀች። ያየው አልነበረም።

ይኸ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ወንድሜ በተወሰደ በዓመቱ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንዲት ጎረቤታችን ስለ እኔ አነሣች። ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ ሰሊጧን ጥላ እናቷን አዳነች፣ የሚቀድመውን ታውቃለች አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እናቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ መሬቱን ስትጭር ቆየችና ማንም በማይሰማው ድምፅ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«አልወቅስሽም» አለችኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ የቀደመችብሽ እናትሽ ናት። ደግ አደረግሽ። እኔ ግን እናት ነበርሁ። ከእኔ የሚቀድም ነበረኝ፣ ሳትጠይቂኝ አነሣሽኝ።»

ያዘልሁት ልጄ አለቀሰና ተነሥቼ ወጣሁ።